ሎሚ የነካው ሽጉጥ

ባለፈው ሰኔ መርሳ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሻይዬ ላይ ሎሚ ስጨምቅ፣ የእህቴ ልጅ ሲሳይ ፊቱን አጥቁሮ ገባና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲፈታው አዲስ ሽጉጥ ነው። የሽጉጡ ዘይትና የእኔ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ተገናኙ። ሰባ ምናምን ዓመት ያገለገለ አፍንጫ ነው፤ ሌላው ሰውነቴ ሁሉ ጡረታ ወጥቶ እሱ ብቻ ሥራ ላይ ቀርቷል። እነዚህን ሁለት ሽታዎች አንድ ላይ ካሸተተ ግን ስልሳ ዓመት አልፎታል። የያዝኩት ግማሽ ሎሚ ከነፍሬው ብርጭቆው ውስጥ ወደቀ።

«ይዩት እስኪ ጋሼ» አለኝ። ሲሳይ ፍራፍሬ ጭኖ ደሴና ወልድያ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ ፈቃዱን አውጥቶ ሽጉጡን ከጓደኛው ከገዛ ወር አልሞላውም። «ግራና ቀኙ ተላጠ። አፉም ነጣ። አሮጌውን ቀብቶ ነው የሸጠልኝ። አሁን ወልድያ ሄጄ አንገቱን ነው የማንቀው።»

«ከማነቅህ በፊት ሻይ ጠጣ» አልኩትና ሽጉጡን አንስቼ አሸተትኩት።

«ምኑን ነው የሚያሸቱት?»

«ሎሚ ነክቶት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሰውዬው ጃጀ ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አየሁ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ራሴን አንዳንዴ እንደዚያ እጠረጥረዋለሁ። ስለዚህ አስቀምጬ የአያ ይመርን ነገር ነገርኩት። ለእናንተም ያንኑ ነው የምነግራችሁ።

አያ ይመር ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤታቸው ከመርሳ ገበያ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዲት የተንጋደደች የቆርቆሮ ዳስ ከፊቷ የተለጠፈባት ጎጆ ነበረች። ወናፉ ሲተነፍስ እስከ መንገዱ ይሰማል። ዳሱ የፍም፣ የተቃጠለ ዘይትና የነጭ ጋዝ ሽታ ነበረው። ግድግዳው ላይ ማጭድ፣ ማረሻ፣ እግሩ የተሰበረ ፕሪምስ፣ ቁልፉ የጠፋበት ጓጉንቸር ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ይፈልጋቸዋል፤ ሰው ሁሉ ግን ዕቃውን ከደጅ አቀብሎ ከደጅ ይቀበላል። ቀጥቃጭ ናቸዋ። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ነበር የሚያልፉት፤ ዓይናቸው ይበላል ይባል ነበር። በግራ እግሩ የቆመን አይበሉም ሲባል ሰምቼ፣ እኔ በግራ እግሬ ቆሜ ደጋግሜ አፍጥጬባቸዋለሁ፣ ይበሉኝ እንደሆነ ለማየት። አልበሉኝም። ያኔ እንደ ሸምበቆ ቀጭን ስለነበርኩ ትርፍ የሌለው ምግብ ሆኜባቸው ይሆናል። ይልቅ አንድ ቀን «ሁለቱን እግርህን ብታሳርፍ ጥሩ ነው፤ እኔ ጋ መቆም አያስከፍልም» አሉኝ።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ መንገድ ላይ የሚውል ሰው። በዚያ ዓመት አዲስ ሽጉጥ ገዛ። ያመጣለት የክርስትና አባቴ ጋሽ ካሣ ነበር። ካሣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአንድ ሣጥን ሁለት ሽጉጥ አመጣና አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለአባቴ አደረገ። አባቴ የሽጉጡን ካዝና ነቅሎ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያስራል። ባዶውን ሽጉጥ ግን ከነቆዳ ማህደሩ ከአልጋው ራስጌ ይሰቅለዋል። ጥይት የሌለው ሽጉጥ ምን ያደርጋል ብሎ ነው። እኔ የሚባል ልጅ ቤት ውስጥ እንዳለ ረስቶ።

አባቴ ገበያ ሲወጣ፣ እናቴ ውኃ ስትወርድ፣ እኔ ከመስተዋቱ ፊት ነኝ። መምዘዝ፣ መመለስ፣ መምዘዝ፣ መመለስ። ላይኛውን ብረት ሁለት እጄን አስተባብሬ ወደ ኋላ እስበውና ስለቀው ቀጭ ይላል። ያችን ቀጭ ለመስማት ብዬ በቀን ስንት ጊዜ እንደሳብኩት እንጃ። መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ጀግና ብታዩት። ንፍጡ ከከንፈሩ የደረሰ፣ ሱሪው በገመድ የታሰረ።

አንድ ቀን ሳየው ላይኛው ብረት የሚመላለስበት የሽጉጡ ገላ ግራና ቀኝ እንደ ክር ነጥቷል። የአፉም ጫፍ ከማህደሩ ጋር ተፋትጎ አብረቅርቋል። ደነገጥኩ። እናቴ የናስ ሰሃኗ ሲቆሽሽ በምን እንደምታጠራው አውቃለሁ። በአመድና በሎሚ ነው። ሽጉጡም ብረት፣ ሰሃኑም ብረት። የመርሳ ሎሚ ደግሞ ውኃው ብዙ ነው። ሁለት ቆርጬ፣ አመድ ነስንሼ፣ ያቺን ነጭ ክር ላጠፋ ማሸት ጀመርኩ። ክሯ አልጠፋችም። ይልቅ ጥቁሩ መልቀቅ ጀመረ። ባሸሁት ቁጥር እየሰፋ ሄዶ፣ ስጨርስ ከእጀታው በላይ የአባቴን አውራ ጣት የሚያህል ቦታ እንደ እናቴ ሰሃን ያበራል። ጥርት ብሏል፤ በዚህ አልታማም።

አባቴ ማታውኑ አየው። በነጋታው ለእናቴ «ካሣ አሮጌ ብረት ጥቁር ቀብቶ ሸጠልኝ። ቀለሙ ይኸው ለቀቀ» አላት። ቀጥሎም «በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው። ከእሱ ጋር ጽዋ አልጠጣም። በማኅበርተኛው ፊት አበልጅነቱን አፈርሳለሁ» አለ።

የእናቴ እጅ ማሰሮው ላይ ቀረ። የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ከማኅበሩ ጽዋ አይቀምስም፤ አበልጁን በማኅበር ፊት የካደ ደግሞ ዳግም አብሮ የሚቀመጥበት ደጅ የለም። ካሣ በጥምቀቴ ቀን አቅፎ ያነሳኝ ሰው ነው። አራት ቀን ቀርቷል። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። አባቴ ቢመታኝ ግድ አልነበረኝም ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። በጣም ግድ ነበረኝ።

እናቴ ናት «መጀመሪያ ብረት የሚያውቅ ሰው ይየው» ያለችው። ብረት የሚያውቁት አያ ይመር ናቸው። አባቴ እየከበደው እኔን አስከትሎ ወረደ። ጋሽ ካሣም ተጠርቶ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ይመር፣ ይህን እይልኝ። አዲስ ነው አሮጌ?» አለ አባቴ። አያ ይመር በዕድሜ አባቴን ይበልጡታል፤ ግን አንተ ነበር የሚላቸው። ቀጥቃጭን ሁሉም አንተ ይላል።

አያ ይመር እጃቸውን በጨርቅ ጠራርገው ሽጉጡን ተቀበሉ። ፈቱት። የአፈሙዙን ውስጥ ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ከዚያ ወደ ካሣ ዞረው «የእርስዎንም ያምጡት» አሉ። ካሣ ከወገቡ አወጣ። አያ ይመር ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍም ማንደጃው አጠገብ አጋደሟቸው። የካሣውም ሽጉጥ ግራና ቀኝ ያችው ነጭ ክር አለችበት፤ አፉም ነጥቷል።

«አቶ በላይ፣ ይህ አዲስ ነው» አሉ። «ብረት ከብረት ጋር ሲኖር ቆዳው ይላጣል። እስኪላመድ ነው። ውስጡን ይዩት፣ ገና ልጅ ነው። ይህ መልኩን እንጂ ሥራውን አይነካውም።»

«ይሄኛውስ?» አባቴ አውራ ጣት የሚያህለውን ነጭ ቦታ አሳየ።

አያ ይመር ካቻቢቴያቸውን አንስተው ከብሎኑ ጥርስ ውስጥ ግራጫ ነገር ጫር አደረጉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እግሬን አየሁት፤ ሁለቱንም አሳርፌ ነበር የቆምኩት።

«የእጅ ላብ ነው የላጠው ብዬ አልዋሽዎትም» አሉ አባቴን። «ግን ከአቶ ካሣ እጅ ከወጣ በኋላ የሆነ ነው። በዚህ እምላለሁ። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

በዚያ ዘመን የቀጥቃጭ መሐላ የሚቀበል ሰው ጥቂት ነበር። እሳቸውም ያውቁታል፤ ዓይናቸውን ግን ከአባቴ አልነቀሉም። ወናፉ ቆሟል፤ ፍሙ ብቻ ይንጣጣል። አባቴ ነጋዴ ነው፤ ከዕቃው በፊት ሰውየውን ይመዝናል። አያ ይመርንም መዘናቸው። ከዚያ ወደ ካሣ ዞረና ጉልበቱን ሊይዝ ዝቅ ሲል ካሣ ከመንገድ አነሳው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ የደስታ መስሎት ካሣ ራሴን ዳበሰኝ።

«ጥቁሩን ይመልሱልኝ» አለ አባቴ። ይመልሱልኝ አለ። ከዚያች ቀን ወዲያ አንተ ብሏቸው አያውቅም።

«አሁን አይሆንም» አሉ አያ ይመር። «ጊዜ አለው።» ሽጉጡን በሳሙና ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በዘይት ጨርቅ ወልውለው መለሱ።

የሚካኤል ለት ጋሽ ካሣ እሳቸው ካልመጡ ጽዋውን አልቀምስም ብሎ አያ ይመርን አስጠራቸው። አንዳንዱ ማኅበርተኛ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ፈቀቅ አለ። እሳቸው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ጎንበስ ስልላቸው ቀስ ብለው «ሎሚ ለሻይ ነው። ለብረት ዘይት ነው» አሉኝ።

«አያ፣ ለአባቴ ይነግሩብኛል?» አልኳቸው።

«እኔ? ሽጉጡ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«እጁስ?»

«የኔ።»

«እንግዲህ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። እኔ መሐል ምን አገባኝ። የነገርከው ዕለት ሽጉጡን ይዘህልኝ ና። እንደ ቁራ አጠቁርልሃለሁ።»

በነጋታው ልነግረው ነበር። በነጋታው ዝናብ ሆነ። በሳምንቱ አባቴን ራሱን አመመው። ከዚያ ትምህርት ተከፈተ። ሰበብ ሲጠፋብኝ አይታችሁኝ አታውቁም። በዳሱ ፊት ባለፍኩ ቁጥር አያ ይመር መዶሻቸውን አየር ላይ አቁመው «ጠቆረ?» ይሉኛል። «ገና ነው አያ» እላቸዋለሁ። መዶሻው ይወርዳል። ጢም አወጣሁ፤ «ጠቆረ?» «ገና ነው አያ።» አባቴም በየጊዜው ሽጉጡን ይዞ ሲወርድ «ጊዜው አልደረሰም» ብለው ይመልሱታል። ሚስት አግብቼ በሙሽራ ካባ ሳልፍ፣ ከአጃቢው መሐል ሽበታቸው ብቅ አለና «ጠቆረ?» አሉኝ። ሚስቴ ምን እንደጠየቁኝ ብትጠይቀኝ ስለ ደመናው ነው አልኳት።

በመጨረሻ ታመው ልጠይቃቸው ገባሁ። ወናፉ ከአልጋው ሥር ተኝቷል። ድምፃቸው ሄዷል፤ ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ። «ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ» አልኳቸው። ያን ማታ ጭነት ይዤ ወልድያ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ደርሼ አፈር ማልበስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከቀብር መልስ አባቴን አስቀምጬ ነገርኩት። ሁሉንም፣ መስተዋቱን ሳይቀር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሽጉጡን አወጣና ያችን ነጭ ቦታ በአውራ ጣቱ ሸፈናት።

«እናትህ ሁለት ሎሚ ጠፋብኝ ስትል ነው ያወቅሁት» አለ። «አያ ይመር አይጠይቁኝ ስላሉኝ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አንተን ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅኩህ።» አውራ ጣቱን እያነሳ «ለኔስ ነገርከኝ። ደስ የሚላቸው እሳቸውን ነበር» አለኝ።

ነግሬው ስጨርስ የሲሳይ ሻይ ቀዝቅዟል። ወደ ውስጥ ገብቼ የአባቴን ሽጉጥ ከነዘይት ጨርቁ ከሣጥኔ አመጣሁና ከእሱ አዲስ አጠገብ አጋደምኩለት። ግራና ቀኝ ያችው ክር ናት። አዲሱ ሽጉጥ አፉን ከፍቶ ታላቁን የሚያይ ይመስላል። ሲሳይ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ቀስ ብሎ የራሱን በጨርቁ ጠቀለለና ስልኩን አውጥቶ ጓደኛውን «ነገ ስመጣ ምሳ እንብላ» አለው። ስለ ማነቅ አላነሳም።

ከዚያ አውራ ጣቱን የአባቴ ሽጉጥ ነጭ ቦታ ላይ አሳረፈ። ልኩ ነው።

«አሁን እኮ ወልድያ አሳምረው የሚያጠቁሩ አሉ፤ ልውሰድልዎት ጋሼ?» አለኝ። «ነግረዋል አይደል እንዴ። አልደረሰም ጊዜው?»

የዘይቱን ጨርቅ አነሳሁና መወልወል ጀመርኩ።

«ገና ነው» አልኩት።