ውሃ የምትጠጣው ላንድሮቨር

የራዲያተር ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ሽታ፣ ዝገትና ለብ ያለ ውሃ አንድ ላይ፣ ዛሬም ባለሁበት ያስቆመኛል። በቅርቡ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ ሸተተኝና እግሬ ተገታ። አብሮኝ የነበረው ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ ምንም አልኩት። ላንተ ግን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ። ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርህ።

ክልሉ አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ለቢሮዎቹ ማኅተም ደርሶ መኪና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። እኔ በማስታወቂያ ቢሮው ገና ሥራ የያዝኩ ዘጋቢ ነበርኩ። ከመንጌ የመጡ ነጋዴዎች ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ አየን ብለው አወሩ። ወሬው ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰና የቢሮውን መካኒክ ሄደህ እያት፣ የምትጠገን ከሆነች ጎትተን እናምጣት አለው። እኔ ዜናውን እንድሠራ ታዘዝኩ።

ነገሩን ለቤት አከራዬ አጫወትኳት። ባሏ የመንግሥት ሾፌር ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ሰሞን ላንድሮቨር ይዞ ወደ መንጌ እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ጎረቤት ለቅሶ ተቀመጪ ቢላት፣ ሬሳ ሳላይ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም ብላ እምቢ ብላለች። እኔ ስነግራት ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች። «የሱ ከሆነች አውቃታለሁ፤ የሾፌሩን ወንበር በቀሚሴ ጨርቅ ነው የሸፈንኩለት። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ አበባ አለው።»

በውሰት ፒክአፕ ወጣን። መካኒኩ ከወሎ ሰፋሪዎች አንዱ ነው፤ ወሬ አያልቅበትም። «ጋዜጠኛው፣ ከተነሳች ሾፌር እኔ ነኝ፤ ካልተነሳች ገፊ አንተ ነህ» ይለኛል። ወደ እሷ ዞር እያለ ደግሞ «አብሽሪ እትየ» እያለ ያጽናናታል። እሷ መንገዱን ብቻ ታያለች።

የሣር ቃጠሎ ወቅት ነበር። ምድሩ እስከ ጋራው ጠቁሯል፤ እሳት የበላው ቀርከሃ ከሩቅ አንዳንዴ ይፈነዳል። ፒክአፑን አቁመን አመዱን እየረገጥን ገባን። የወፍ ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጥቁር መሃል አንድ ማንጎ ዛፍ ለምልሞ ቆሟል፤ ዙሪያው እሳት ያልነካው፣ ንጹሕ ሆኖ የተጠረገ ክብ መሬት ነው። መኪናዋ እዚያ ነበረች፣ ፊቷን ወደኛ አዙራ። የፊት መስታወቷ ተወልውሏል።

መካኒኩ ቀልዱን ተወ። መብራቶቿ ወደ መሃል የተጠጋጉ መሆናቸውን አሳየኝና የጥንቱ ዓይነት ናት አለ። ገላዋን አንኳኳ። «አልሙኒየም ነው፣ አይዝግም። ዕድሜዋ ያለው ከታች ነው።» ተንጋሎ ከሥሯ ገባ፤ ካቻቪቴውን ሻንሲው ላይ፣ ገላዋን የተሸከመው ብረት ላይ፣ ሲጫነው ዝገቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ አስገባው። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩን የሚያበርደውን ቬንትሌተር የሚያዞረው ቺንጋ የለም፤ ቁራጩ ብቻ ተንጠልጥሏል። የራዲያተሩን ክዳን ሲያዞረው ያ ሽታ ወጣ።

ጣቱን ነከረ። «ሙሉ ነው» አለ ቀስ ብሎ። እኔም ነከርኩ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ለብ ብሏል። ፀሐይ ነው አልኩ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ዞር ስንል አንድ ሽማግሌ አመዱ ላይ ቆመዋል፤ ጀለቢያ ለብሰው ውሃ የያዘ ቅል አንጠልጥለዋል። ኮቴ አልሰማንም። መቃብር አጠገብ ሲታለፍ እንደሚባለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ለመኪናዋ ነው። ለእኛ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሰጡን።

በተሰባበረ አማርኛ እንደነገሩን፣ ሾፌሩ ቺንጋው ሲበጠስበት ሌላ ሊፈልግ በእግሩ ሄዷል። ሲሄድ ቁልፉን ለሳቸው ሰጥቶ ቶሎ እመጣለሁ፣ ውሃ እንዳይጎድል ብሏቸዋል። «አማና ነው» አሉ፤ አደራ ማለታቸው ነው። «አርብ አርብ እኔ ውሃ ይሰጣል። እሳት ሳይመጣ ሣር ይጠርጋል።»

«አባባ፣ የቆመ መኪና እኮ ውሃ አይጠጣም» አላቸው መካኒኩ።

«ይጠጣል። ሁልጊዜ ይጎድላል።»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ የሚያፈስበትን ፈለገ። መሬቱ ደረቅ ነበር።

ቢሮው መኪናዋን እንደሚፈልግ ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰጪ ይመጣል፣ ይወስዳል። ሰጪ ከሞተ ቤተሰብ ይወስዳል። ቢሮ አይወስድም።»

አከራዬ እስካሁን ራቅ ብላ ቆማ ነበር። መጥታ የሾፌሩን በር ከፈተች፤ ወንበሩ ላይ የተነጠፈውን ጆንያ ገለጠች። ሰማያዊው ገርጥቷል፤ አበቦቹ ግን ይታያሉ። ስፌቱን በአውራ ጣቷ ተከተለችው።

ሽማግሌው አዩዋት። ከአንገታቸው በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡና በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«ሞተ?» አሏት።

ቁልፉን ተቀበለች። መካኒኩ ጫማውን ያይ ነበር። ቁልፉን እጇ ላይ ጥቂት አቆየችውና መልሳ መዳፋቸው ላይ አኖረችው፤ ጣቶቻቸውንም በጣቶቿ አጠፈች።

«ቶሎ እመጣለሁ ብሎ የለ? እስኪመጣ እርስዎው ይያዙት።»

ከዚያ ቅሉን ተቀብላ ራዲያተሩ ላይ አንቆረቆረች። እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን በጣቴ አውቃለሁ። ቅሉ ግን እስኪደርቅ ተንቆረቆረ፤ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አልፈሰሰችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አጣርቻለሁ፤ ይህን አላጣራሁትም።

መካኒኩ ለኃላፊያችን ሻንሲው አልቋል፣ አትጎተትም አለ። እውነቱን ነው። ዜናውም ሳይጻፍ ቀረ። በመልሱ መንገድ ፒክአፑ ውስጥ ያ ሽታ ከእጇ ይመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ጀሪካን ውሃ ትሞላና ወደ መንጌ በሚሄድ መኪና ለሽማግሌው ትልካለች። ሾፌሮቹ መንጌ ውሃ የጠፋ መሰለሽ ወይ እያሉ ይቀልዱባታል፤ ይወስዱላታል ግን። ጀሪካኑ ባዶውን ይመለሳል፤ ታጥበውና እንደገና ትሞላለች።

አንድ ቀን ሙሉውን ተመለሰ። ከመንጌ ያመጣው ሾፌር ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ሲሄድ አየሁ። ሽማግሌው አንገት ላይ የነበረው ቁልፍ እጀታው ላይ በክር ታስሯል።

ፈታችው። ወደ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ለባሏ ይሁን ለሽማግሌው አልጠየቅኋትም። ወንበር አወጣሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።