የታጠበው ካሮት

"አንቺ ልጅ፣ ደህና ብር ይዘሽ ወጥተሽ አፈር ተሸክመሽ ትመጫለሽ?" አለችኝ አክስቴ፣ ፊት ለፊቴ። ያመጣሁትን ካሮት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ በአንድ ጣቷ እያገላበጠች ነበር።

"አፈሩ ነው ሳምንት የሚያቆየው" አልኳት። "የታጠበው ረቡዕ ሳይደርስ ይልፈሰፈሳል።"

"አፈሩም ይመዘናላ!"

"ሻጯ ምራቂ ይጨምሩልኛል። በቃ፣ አትነዝንዢኝ።"

አክስቴ ባምቢስ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ እልጣለሁ፣ እከትፋለሁ፣ አስተናግዳለሁ። የእሁድ ገበያም የኔ ነው። እሁድ እሁድ እዚያው ካዛንቺስ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ገበሬዎች ያመረቱትን ራሳቸው አምጥተው ይሸጣሉ። ነጋዴ አይፈቀድም።

ካሮት የምገዛው ከሆለታ ወዲያ ከሚመጡ አንዲት እናት ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአይሱዙ ተጭነው ይመጡና ድሮ የሰው ግቢ በነበረበት ቦታ ሸራቸውን ያነጥፋሉ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የሚያውቋቸው ደንበኞች ብዙዎቹ ወደ ዳር ሄደዋል። እሳቸው ግን አልቀሩም። ለምን እንደማይቀሩ አንድ ቀን ነግረውኛል።

"ይቺን ቦታ ካጣሁ ደላላው ደጄ ይመጣል፣ ልጄ። ዋጋውን እሱ ይቆርጣል። እምቢ ስለው 'እንግዲያው ማሳሽ ላይ ይበስብስ' ይለኛል። ከዚህ በፊት በስብሶብኛል።"

አዲሶቹ ገዢዎች ሌላ ናቸው። "ማዘር፣ አፈሩ ኪሎው ስንት ነው?" ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለው ይስቃል። እማማም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አብረው ይስቁ ነበር። እኔ የቀልድ መስሎኝ ነበር የሚስቁት።

አንድ እሁድ ስደርስ ሸራቸው ላይ ያለው ካሮት ያብለጨልጫል። አንድም አፈር የለበትም።

"አጠብኩት" አሉኝ ደስ ብሏቸው። "ከልጄ ጋር ስናጥብ አመሸን። ሰው የሚለውን መስማት ነው።"

ሰው ግን ያየዋል፣ ያልፋል። ከመስቀል አደባባይ ሮጣ የመጣች፣ ቱታ የለበሰች ሴት ቆም አለችና ለጓደኛዋ "ይሄማ በቆሻሻ ወንዝ የታጠበ ነው። ነጋዴዎቹ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት" አለቻት።

አወቅኳት። "ባለፈው እሁድ አፈር ብለሽ የሳቅሽው አንቺ አይደለሽም?" አልኳት።

"አንቺን ማን አናገረሽ?" ብላኝ ሄደች። ወሬው ግን ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ የገበያው አስተባባሪ መጣ። እኔን የሚያክል ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል።

"ማዘር፣ ይሄ የነጋዴ ካሮት ነው። ገበሬ አጥቦ አያመጣም።"

"የኔ ነው፣ ልጄ። በደጃችን ምንጭ ነው ያጠብኩት።"

ጎረቤቶቻቸው እየተነሱ መሰከሩላቸው። ልጁ አልተቀበለም። "እናንተ በአንድ መኪና ነው የመጣችሁት፤ ትሸፋፈናላችሁ" አለ።

"እጃቸውን አታየውም?" ብዬ ጮኽኩበት። "ጥፍራቸውን እየው! ይሄ የነጋዴ እጅ ነው?"

እማማ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉለት። እኔም አየሁ። ውሃ ውስጥ ስላመሸ ነጥቶ ተጨማዷል። ጥፍራቸው ውስጥ ሁልጊዜ የማየው አፈር የለም። ታጥቦ ሄዷል።

ልጁ አልሳቀም፤ ይሄን አልክድበትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከገዢዎቹ መሃል ማሳቸውን ያየ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። ወደኔ ዞረ። "አንቺ ደንበኛቸው ነሽ። አይተሻል?"

አይቻለሁ ማለት ይቻል ነበር። ግን "መንገዱ በየት ነው?" ቢለኝ ምን እላለሁ?

"አላየሁም" አልኩ።

"እንግዲያው ለሚቀጥለው እሁድ ያየ ሰው ይዘው ይምጡ፣ ማዘር። ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኔም የታዘዝኩትን ነው።"

እማማ ካሮቱን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ጆንያው መመለስ ጀመሩ። ጎንበስ ብዬ አገዝኳቸው። እርጥብ ነበር፤ ከወዲሁ ጫፉ መልፈስፈስ ጀምሯል። ቀና ብለው አላዩኝም።

አይሱዙው ሞተሩን አስነሳ። ባዶ ሳጥኑን፣ ሸራውን፣ ያልተሸጠውን ጆንያ ጫኑ።

"እማማ፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ?"

"የት ልትሄጂ?"

"እርስዎ ጋ። ማሳውን ለማየት።"

አዩኝ። "ዛሬ መመለሻ የለውም እኮ፣ ልጄ።"

"ነገ እመለሳለሁ።"

አክስቴ ጋ ደወልኩ። "ዛሬ አልገባም፤ ሆለታ እየሄድኩ ነው" አልኳት።

"አበድሽ? ካሮቱስ?"

"ነገ አመጣዋለሁ። ከነአፈሩ።"

ስትጮህ ስልኩን ዘጋሁት። እማማ ከላይ ሆነው እጃቸውን ሰጡኝ፤ ይዤው ወጣሁ። ጆንያው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ መኪናው ተነሳ።