ከአዳራሹ የተሸኙት ሽማግሌ

እዚህ ፈረንጅ አገር የምንኖርባት መንደር ከከተማው ዳር፣ ከሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር አለፍ ብላ ያለች፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የሌላት፣ ሱቅ እንኳ የሌላት ናት። ቤት የገዛን ሰሞን ዘመዶቻችን "እዚያ ምን አለ?" ሲሉን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ግን ማንም ሲያጣጥላት አልወድም።

መንደሯን ያወቅኋት በጎረቤቴ በኩል ነው። ቀጥ ያሉ፣ ወሬ የማያበዙ ፈረንጅ አሮጊት ናቸው። ባለቤታቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ነበሩ። የድሮው የድንጋይ አዳራሽ ቁልፍ በጎረቤቴ እጅ ነው። አዳራሹን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ መንግሥት አንድ ድንጋይ አላቀበላቸውም። የእኛ የሀበሾቹ እድር በወር አንዴ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ስንጨርስ ጎረቤቴ ይመጡና ወለሉን በዓይናቸው ይፈትሹታል። አንድም ቀን አሳፍረናቸው አናውቅም።

ባለቤታቸው የታመሙ ጊዜ ጎረቤቴ በር ላይ ያዙኝ።

"ስሞት ከአዳራሹ ሸኙኝ ይለኛል" አሉኝ። "የድሮዎቹ ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ መሬታቸውን ሽጠው ሄደዋል። ማን ይመጣል? በባዶ ወንበር ልሸኘው አልፈልግም።"

ለእድሩ ተናገርኩ። አንዱ "አባል አይደሉማ" አለ። ሰብሳቢያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ፣ "ለመሆኑ በማን አዳራሽ ተቀምጠህ ነው እንዲህ የምትለው?" አሉት። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሽማግሌው ያረፉ ቀን ጓሯቸው ውስጥ ድንኳን ተከልን፣ ወንበር ደረደርን፣ ንፍሮ ይዘን መጣን። ጎረቤቴ ወጥተው ሲያዩን ግራ ገባቸው።

"ቀብሩ እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አሉን።

"እናውቃለን" አልናቸው።

አመስግነውን ገቡ፤ የምንሄድ መስሏቸው ነው። የሄደ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ በመስኮት አየት አደረጉንና ካፖርታቸውን ደርበው መጥተው መሀላችን ተቀመጡ። ቆይተው የመንደሩን ነገር ያወሩልን ጀመር፦ የመንገዱን ጥዶች ማን እንደተከላቸው፣ ትምህርት ቤቱ የት እንደነበር፣ የሣር እሳት የበላውን የአማታቸውን ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ እንዴት መልሶ እንዳቆመው። እንዲህ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በማግስቱም መጣን፤ እሳቸውም ካቆሙበት ቀጠሉ። እዚያች መንደር ውስጥ በመኖሬ ኮራሁ።

የቀብሩ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ከከተማው ወዲያኛው ዳር፣ ከዳንደኖንግ ድረስ የመጡ የእድሩ አባላት ነበሩ፤ ዘግይተው የደረሱት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከሩቁ ክፍለ ግዛት ከኩዊንስላንድ የመጣው ልጃቸው ከፊት እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ዞር ዞር እያለ ሲያይ ቆየና ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው፤ እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ እሰማለሁ።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ማን ነው?"

የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቀ ሰው አዩት።

"የመንደሩ ሰው ነዋ" አሉት። "በል ተነሥና ለዚያች ሴት ወንበር ልቀቅላት።"