ሰው የሌለበት ጨዋታ

አባቴን «እርስዎ» ነው የምላቸው። ሰው ሲሰማኝ ጨዋ ልጅ ነው ይላል። እውነቱ ግን «አንተ» ለማለት የሚያበቃ ጨዋታ በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ እየነዱ ከሞጆ ጅቡቲ ተመላልሰዋል። ከመተሃራ እስከ ጋላፊ ድረስ ቁጭ ብለው ያልተጫወቱበት ሻይ ቤት፣ ስሙን ጠርተው ያላሳቁት ጎሚስታ አልነበረም። ቤት ሲመጡ ግን ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። በሦስተኛው ቀን ይሄዳሉ። እናቴ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትላቸው ነበር፤ እሱንም የሰሟት አይመስለኝም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ማለፌን ሮጬ ገብቼ ስነግራቸው የጎረሱትን አላምጠው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ከዚያ «በሩን ዝጋው፣ አቧራ ይገባል» አሉኝ።

አሁን የምኖረው አዳማ ነው። በአንድ የግል ኮሌጅ ለማታ ተማሪዎች ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። አላገባሁም። ከዕቃዬ ሁሉ የምሳሳለት አንድ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የመኪና መሪ ነው፤ ነዳጅና ፍሬኑ ከሥር በእግር ይረገጣል። የምጫወተው ከባድ መኪና መንዳት ነው። የሾፌር ልጅ ሌላ ምን ይጫወታል። መንገዶቹ የፈረንጅ አገር መንገዶች ናቸው። ጨዋታው በኢንተርኔት ስለሆነ ከየአገሩ የገባ ሰው ሁሉ የየራሱን መኪና ይዞ በዚያው መንገድ ላይ ይነዳል። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይጻጻፋሉ፣ ተቀጣጥረው በሰልፍ ይጓዛሉ። እኔ ድምፃቸውን ዘግቻለሁ፣ የሚጽፉበትን ሳጥን ደብቄያለሁ፣ ከመኪናቸው በላይ የሚወጣውን ስማቸውንም አጥፍቻለሁ። ለእኔ የሚንቀሳቀሱ ድንጋዮች ነበሩ። የተገለበጠ መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ሲለምነኝ በዳር በኩል ቆርጬ አልፋለሁ፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ የኮሌጁ መምህር፣ ብቻህን መሆን ከፈለግህ ለምን ሰው የሌለበትን አትጫወትም ብሎኝ ነበር። እሱም አለ፤ ሞክሬው ሰለቸኝ። ባዶ መንገድ ላይ ዝም ብትል ማን ያውቅልሃል? ለመዝጋትም ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከማን እንደተማርኩት ደግሞ ለማንም መናገር አያስፈልገኝም።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ሞጆ ከታናሽ እህታቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። አምና ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸው። እጅና እግራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ሕክምና አዳማ ስለሆነ አክስቴ አንተ ዘንድ ይቀመጡ አለችኝ። ከሞጆ አዳማ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መመላለስ አይችሉም ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ባንድ ሻንጣና ባንድ ከዘራ መጡ።

በሽታው ግራ እጃቸውን አስሮ ምላሳቸውን ፈታላቸው። ያ ዝምተኛ ሰው ከጀርባዬ ወንበር ስበው ይቀመጡና ያወሩኝ ጀመር። ሚሌ ላይ ሞተር ነክሶባቸው ሦስት ቀን እንዴት እንደከረሙ፣ ውሃ ያካፈላቸው አፋር ምን እንዳላቸው። እኔ የሞተሩን ድምፅ ከፍ አደርገዋለሁ። «እህ» እላለሁ፣ «አዎ» እላለሁ፣ ሲበዛብኝ «ይሁን» እላለሁ። የምታሠራቸው ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ፍልውሃ ቢነከሩ ለእጃቸው ጥሩ ነው ብላ መክራን ነበር። አርብ ማታ ልብሳቸውን አጥፈው ሻንጣው ላይ አስቀመጡ። ጠዋት ሲያዩኝ መሪው ላይ ተቀምጫለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን አልኳቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው አልኳቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እያልኩ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ልሞክራት አሉኝ። የግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ስለማይረግጥ ማርሹን ራሱ እንዲቀይር አደረግኩላቸው። ቀኝ እጃቸው መሪውን ሲይዝ ጀርባቸው ቀና አለ። ሽቅብ የሚመጣ አንድ መኪና ገና ከሩቅ ሲያዩ ረጅሙን መብራት ሁለቴ ባጭሩ፣ አንዴ ረዘም አድርገው አበሩና በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብለው ሰላም አሉት፣ መስኮቱ የተከፈተ ይመስል። መኪናው አለፈ። ሌላ መጣ፤ ለእሱም አበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እነዚህ ውስጥ ሰው አለ?»

አለ ብላቸው ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወዳጃቸው ይሆናል። እዚሁ ቤቴ ውስጥ የጅቡቲ መንገድ ይከፈታል፤ ከማያውቁት ጋር ሲስቁ ይውሉና እኔ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ይተኛሉ። ያንን ሁለተኛ ጊዜ ለማየት አልፈለግኩም።

«የለም» አልኳቸው። «ማሽኑ ነው የሚነዳቸው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ጨዋታ? የሚያጫውት ሰው ከሌለበት?»

ስሙ ነው እንጂ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መንዳታቸውን ቀጠሉ።

ማሽን ነው ብላቸውም የሾፌር ወጋቸውን አልተዉም። ከመታጠፋቸው በፊት ፍሬቻ ያሳያሉ፤ መስቀለኛ ላይ ቆመው ሌላውን ያሳልፋሉ። አንድ ቀን የተገለበጠ አረንጓዴ መኪና አገኙ። ስንቱ በጎኑ እየታከከ ሲያልፍ እሳቸው ከኋላው ቆሙ፤ የሚመጣው መኪና እንዳይገባበት የአደጋ መብራታቸውን አበሩ። ወርደው ቅጠል ቆርጠው አስፋልቱ ላይ ማድረግ፣ ድንጋይ መደርደር ፈልገው በምን እንደሚወረድ ጠየቁኝ። አይወረድም አልኳቸው እየሳቅኩ። አረንጓዴዋ እስክትነሳ ድረስ ሻያቸው እየቀዘቀዘ ጠበቋት።

በማግስቱ አረንጓዴዋ መኪና መንገዱ ዳር ካለ አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆማ መብራቷን ሁለቴ ባጭሩ፣ አንዴ ረዘም አድርጋ አበራችላቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚያው ትጠብቃቸዋለች። አንዴ እሷ ትቀድማለች፣ አንዴ እሳቸው ይቀድማሉ፤ እስከ ምሳ አብረው ይነዳሉ። አባቴ ከአራት ሰዓት በፊት ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። ጃኬት መልበስም ጀመሩ። ባለሙያዋ ግራ እጃቸው መሪ እንደሚይዝ ሆኖ መጨበጥ መጀመሩን አይታ፣ ቤት ውስጥ ምን እያሠራኋቸው እንደሆነ ጠየቀችኝና አመሰገነችኝ።

«ይቺ አረንጓዴዋ ግን ሰው ትመስላለች» አሉኝ አንድ ቀን።

ማሽን ናት፣ እንዲያ ተደርጋ ተሠርታ ነው አልኳቸው። ከሌላው ለይታ እኔን እንዴት አወቀችኝ ሲሉ ደግሜ እንደዚያው መለስኩላቸው። ቅር አላቸው፤ ግን የተማረው ልጃቸው ስለሆንኩ አመኑኝ።

ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ የደበቅኩትን የጽሑፍ ሳጥን ከፈትኩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የአንድ ወር ደብዳቤ ተጠራቅሟል። ስለቆምክልኝ አመሰግናለሁ፣ ሁሉም አልፎኝ ሄዶ ነበር ይላል የመጀመሪያው። ዛሬ ዘገየህ፣ ደህና ነህ ወይ ይላል ሌላው። እኔም ሾፌር ነበርኩ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሚስቴ ሞታለች፣ አንተስ ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፤ አትጽፍም፣ ምናልባት ቋንቋውን አታውቀውም ይሆናል፣ ግን መብራትህ ይበቃኛል። አገሩን አልጻፈም። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ ሰውየውን ዘጋሁት። በዚያ ጨዋታ አንድን ሰው ከዘጋኸው መኪናው ካንተ ዓይን ይጠፋል፤ አንተም ከሱ ዓይን ትጠፋለህ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ለምን ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ቀናሁ። እኔ በአርባ ዓመት ያላገኘሁትን ፊቱን አይተውት የማያውቁት ሰው በአንድ ወር ወሰደው። አባቴ ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ያንኮራፉ ነበር።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ተላጭተው፣ ጃኬት ለብሰው ማደያው ጋ ቆሙ። ምሳ እስኪደርስ ቆሙ። በሁለተኛው ቀንም። በሦስተኛው ቀን ተበላሽታ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ማሽን መሆኗን ረስተውት ነው፤ ወይም ማሽንም ይበላሻል ብለው ይሆናል። መንገዱን ተመልሰው ሄደው ያን ቀን የተገለበጠችበትን ቦታ ፈለጉ። በአምስተኛው ቀን መሪውን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጢማቸው አድጓል። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ አየኋቸው። እከፍተዋለሁ አልኩ በልቤ፣ ነገ። ነገውን ሶደሬን እንዳደረግኩት አደረግኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኔትዎርክ ተቋረጠ። መብራት አለ፤ መንገዱም፣ ዛፉም፣ ማደያውም በቦታው አለ። መኪኖቹ ብቻ ባንድ ጊዜ ጠፉ። አባቴ መኪናቸውን ዳር አስይዘው አቆሙ። በረሃ ላይ የሞተር ብልሽት አንዱን እየነቀሉ፣ አንዱን እየሞከሩ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ምን እንደተቋረጠ ጠየቁኝ፤ ኔትዎርክ አልኳቸው። ስልክ የሚደወልበቱ? አዎ። መንገዱን የሚሠራው ይሄ ኮምፒውተር ነው? አዎ። ዛፉንም? አዎ።

«መኪኖቹንም የሚነዳው እሱ ከሆነ፣ የት ሄዱ?»

ውጭ የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮውን ይመታል። አባቴ መሪውን አልለቀቁም።

«አረንጓዴዋስ?»

«ሰው ነበር» አልኳቸው።

«ምን ሆነ?»

«ዘጋሁት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢመቱኝ በወደድኩ። እጃቸውን ከመሪው አነሱ፤ ግራውን በቀኙ ደግፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ምሳ አቀረብኩ፣ በሉ። ከኮሌጅ ስመለስ ተኝተዋል።

ጠዋት ሻንጣቸው በር ላይ ነበር። ሕክምናው ገና አላለቀም እኮ አልኳቸው። አክስቴ ምን ትለኛለች አልኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ከማሽን ጋር ለመኖርማ ሞጆ ይሻለኛል» አሉ።

ባጃጅ አስቁሜ ሻንጣውን ጫንኩላቸው። ሾፌሩን «አካም ጅርታ» አሉት፤ ከዚያ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ወደ መናኸሪያው ሳይታጠፉ ልጁ እየሳቀ ነበር። እኔን ዞረው አላዩኝም።

ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈ። እደውላለሁ። አክስቴ ትሰጣቸዋለች፤ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ መልሰው ይሰጧታል። ሕክምናውን ትተዋል። ግራ እጃቸው ተመልሶ ደርቋል አለችኝ፤ ማንኪያም አይይዝም። መጥተህ እያቸው ትላለች። እሺ እላታለሁ። ሚኒባሶቹ ሞጆ ሞጆ እያሉ በየቀኑ በፊቴ ያልፋሉ።

ያለፈው ሳምንት ሰውየውን ከፈትኩት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ማደያው ነዳሁ። አረንጓዴዋ ቆማለች። እንደ አባቴ ሁለቴ ባጭሩ፣ አንዴ ረዘም አድርጌ አበራሁ። አልመለሰችልኝም። ሳጥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«አንተ እሱ አይደለህም።»

በዚያ ሳጥን ውስጥ ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። በምን አወቅክ አልኩት። እሱ መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ቆሞ ሌላውን ያሳልፍ ነበር፣ አንተ ገፍተህ ገባህ አለኝ። ቀጥሎ ሞተ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልሞተም አልኩት። ታዲያ የት ነው አለኝ። ሌላ ከተማ ነው፣ አባቴ ነው አልኩት።

ሰውየው «ሩቅ ነው?» ብሎ ጻፈ።

ውጭ አንድ ሚኒባስ ሞጆ ሞጆ እያለ አለፈ። ከዚያ «አዎ፣ በጣም ሩቅ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።