እጃችሁ ይባረክ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ ዊልስደን ወዳለው ቤታችን ሲመጡ፣ ከመብላታቸው በፊት ቢላዋውን ገልብጠው «ሼፊልድ» የሚለውን የተሠራበትን ከተማ ስም ያነቡና «እጃችሁ ይባረክ» ይሉ ነበር። እናቴም ለምግቧ መስሏት ከኪችን «አሜን፣ ጋሼ» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ሼፊልድ ሄደን የድሮውን ብረት ማቅለጫ እንድናይ ጠየቁኝ። ሺፍት አለኝ ብዬ ቀረሁ፤ የአክስቴን ልጅ ሰብለን ወሰዷት። እዚያ ምድጃው ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምርቃቱ ለብረት ሠራተኞቹ እንደሆነ ነገሯት። ሰብለ ይህን በአርባቸው ቀን ስታወራ ቅናት አንገበገበኝ። ለእናቴ ቢሆን «እጅሽ» ይሉ አልነበር? እንዴት ሳይገባኝ ቀረ!

ዳቦው ቀርቦ ሰብለ ቢላዋውን ስታነሳ ነጠቅኳት። ገለበጥኩና ቀድሜያት «እጃችሁ ይባረክ» አልኩ።

እናቴ ከኪችን «አሜን፣ ጋሼ» አለች።