ኒካሁ በስልክ የታሰረ ቀን

አባታችን ከሆሳዕና ጃጁራ ሚኒባስ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። እኔ በዲግሪ ስመረቅ «የተማረ ይግደለኝ» እያለ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያደነቁር ከረመ። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን አባባሉን ትቶታል። ልጁ መምህር ሆኖ፣ ሠላሳን አልፎም እሱው ግቢ ውስጥ እንደሚያድር ያውቃላ።

እህቴ ፋርማሲ ነበር የምትማረው፤ የቀራት የመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው የሆመቾ ከተማ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሰውየውን የምታውቀው በስልክ ነው። እኔ መጀመሪያ ትመረቅ፣ ከዚያ የፈለገችበት ትሂድ ብዬ ተሟገትኩ። አባቴ ሚኒባሱን ሊያጥብ ወጣ። እናቴ ደግሞ በሰፈራችን ፎቅ የሠራው ሁሉ ልጁን እዚያ የላከ ነው አለችኝ። አልዋሸችም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

በኒካሁ ዕለት የሙሽራው አጎት ወኪል ሆነው ተቀመጡ። ሙሽራው ራሱ በቪዲዮ ይታያል፤ ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ሼኹ እኔንና አንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ምስክር አድርገው፣ ሙሽራዋ መፍቀዷን ጠይቀን እንድንመጣ ላኩን።

እህቴ ጓዳ ውስጥ ሂና የተቀቡ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አዛውንቱ እንደ ደንቡ ጠየቋት፤ ፈቅጃለሁ አለች። እሳቸው ወጡ። እኔ ግን ቀረሁ።

«አንድ ዓመት እኮ ነው የቀረሽ» አልኳት። «ጨርሰሽ ብትሄጂ ምናለበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ያሳዘንኳት መሰለኝ።

«አንተ ጨርሰህ የለ እንዴ?» አለችኝ።

ወጥቼ ሼኹ ፊት ተቀመጥኩና ፈቅዳለች ብዬ መሰከርኩ።

ዛሬ እዚያ አገር ከሱቃቸው የብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆና ዳቦና ስኳር ትሸጣለች። ስትደውል ሁሌም ደህና ነኝ ነው የምትለው። ባለፈው እናታችን አዲስ ስለታዘዘላት የደም ግፊት ኪኒን ጠየቀቻት፤ ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው ብላ።

«ረስቼዋለሁ እማ» አለች። «ፋርማሲ ያሉትን ጠይቂያቸው።»