የሐዲድ ቀያሪው ርክክብ

ኤቫሪስቶ ኪንቴሮስ በኢሪባርኔ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ባቡር ሲመጣ ከባዱን የብረት ዘንግ ስቦ በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። መስመሩ የተዘጋ ዕለት የጣቢያው ሹም በመጨረሻው ባቡር ሲሄድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ኤቫሪስቶ፣ ተተኪ እስኪመጣልህ ጠብቅ!» አለው። ሹሙ ይህን ያለው እንዲያው ለስንብት ያህል እንደሆነ ለሁላችንም ገብቶናል። ያልገባው ኤቫሪስቶ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቀ።

በባቡር ሠራተኞች ወግ ተተኪው መጥቶ፣ ዕቃው አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ሁለቱም በርክክብ መዝገቡ ላይ ሳይፈርሙ ማንም ከሥራው ንቅንቅ አይልም። ኤቫሪስቶም አላለም። እናቱ የሞተች ጊዜ አስከሬኗን የጫነው መኪና የባቡር ማቋረጫውን ሲያልፍ፣ ከመድረኩ ላይ ቆቡን አውልቆ ሸኛት። ቀብሯ ላይ አልተገኘም። ሰው ያኔ አረመኔ ነው አለው፤ እኔም ብያለሁ።

በዙሪያችን ያሉትን ጣቢያዎች ሌባ ጣሪያቸውን ገፈፈ፣ በርና መስኮታቸውን ነቅሎ ወሰደ። የእኛ ጣቢያ ግን አንድ መስታወት አልጎደለበትም። ኤቫሪስቶ እዚያው እየኖረ፣ ዶሮ እያረባ፣ አባቴ ከዳቦ ቤቱ የሚልክለትን ዳቦ እየበላ ጠበቀው። ውለታውን የከፈልነው በፌዝ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለን፣ «ዶን ኤቫሪስቶ፣ ባቡሩ ምን ያህል ዘገየ?» ብለን እንጮኻለን። እሱ ኮስተር ብሎ፣ «ማስታወቂያ አልደረሰኝም» ይለናል። አንድም ቀን ተቆጥቶ አያውቅም፤ ይኼ ደግሞ ይብስ ያስቀን ነበር።

በኋላ ጣቢያውን አድሰን ለጎብኚ ለመክፈት «የጣቢያው ወዳጆች» የሚል ማኅበር አቋቋምን። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጣችው ርዕሰ መምህር፣ ዶኛ ኦዴሊና ናት። እኔ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ስላለኝ ወዲያው አባል ሆንኩ። እሁድ እሁድ ሥጋ እየጠበስን፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያችንን እየተቀባበልን አሮጌ ቀለም እንፍቅ ነበር። ከሁላችንም በላይ ደስ ያለው ኤቫሪስቶ ነው። የትኛው ሰሌዳ የት እንደተሰቀለ፣ በሩ ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደነበር ያሳየን እሱ ነው። ከሌባ የደበቀውን የነሐስ ደወል እንኳ ከዶሮ ቤቱ ወለል ሥር ቆፍሮ አውጥቶ ሰጠን።

ከዚያ ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ደብዳቤ መጣ። ጣሪያውን እናሠራላችኋለን፣ ሕንፃው ግን ነዋሪ ሊኖርበት አይችልም ይላል። ኦዴሊና መጀመሪያ በደግነት ሞከረችው።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ ከተማ ካለው የአረጋውያን ቤት ማሞቂያ ያለው ክፍል አግኝተንልዎታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶኛ ኦዴሊና። ተተኪዬ ሲመጣ እሄዳለሁ።»

«የሚመጣ ተተኪ የለም እኮ!»

«እሱን እንኳ አልነገሩኝም።»

በስብሰባው ላይ ሥጋ ሻጩ ቱሊዮ፣ «መስታወት ሣጥን ውስጥ እናስገባውና ከደወሉ ጋር ለጎብኚ እናሳየው» ሲል ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቅን። ያልሳቀችው ኦዴሊና ናት። «ተተኪ ነው የሚፈልገው? ተተኪ እንስጠዋ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ኔሪዮ፣ አንተ ቁመናህ ያምራል።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን፣ «ቆቡ ከየት ይመጣል?» ነው።

ቆቡና የደንብ ልብሱ ከትምህርት ቤቱ የቲያትር ዕቃ ተገኘ፤ በአንድ አዲስ የባቡር ኩባንያ ስም ማኅተም ያለበትን የሹመት ደብዳቤ ኦዴሊና ራሷ አዘጋጀችው። መጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ኤቫሪስቶ ደብዳቤውን አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አነበበ።

«አንተ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። አዲሱ ኩባንያ ቀጠረኝ።»

«የአገር ልጅ!» አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘው። «እኔ እኮ የማላውቀው ሰው ይልኩብኛል ብዬ እሰጋ ነበር።»

ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ ተመለሰና ርክክቡን ጀመረ። ሁለት ፋኖስ። ተረክቤያለሁ። አንድ ቀይ ባንዲራ፣ አንድ አረንጓዴ። ተረክቤያለሁ። ደወል፣ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ቁልፍ። ኦዴሊናና ቱሊዮ በመስኮት በኩል አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሲፈርም፣ ፊርማው እንዳይበላሽ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ባቡር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነገ ጠዋት የእህል ባቡር አለ አልኩት። አለቀሰ። የተተካ ሰው በጣቢያው አያድርም ብሎ፣ በዚያው ቀን በገዛ እግሩ ቱሊዮ መኪና ውስጥ ገባ።

ስምንት ወር አልጠየቅሁትም። ጣቢያው ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው ግን እንቅልፍ ነሳኝና አንድ ሣጥን ኬክ ይዤ ወደ አረጋውያኑ ቤት ሄድኩ። ወፍሯል፤ ፊቱ በርቷል። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች፣ ሥራውን በወጉ አስረክቦ ያረፈ ሰው ብለው ያከብሩታል። አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«የእህሉ ባቡር እንዴት ነው?»

«በሰዓቱ ይመጣል።»

«ሌላ ባቡር ሲያልፍ ሁለተኛው መስመር ላይ ታቆመዋለህ?»

«እዚያው ነው የማቆመው።»

«ስንት ፉርጎ ይጎትታል?»

ደስ ይበለው ብዬ፣ «አርባ» አልኩት።

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «ሁለተኛው መስመር ከሃያ ሁለት በላይ አይችልም። የተረፈው ዋናው መስመር ላይ ይቀርና የሚመጣው ይገጨዋል።» ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ኔሪዮ፣ አንተ ሐዲድ ቀያሪ አይደለህም።»

የኬኩን ሣጥን መልሼ መክደን ጀመርኩ።

«አሁን እዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ ዶን ኤቫሪስቶ። ባቡርም የለም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ባዶውን?» ብሎ ተነሣ። «ጥዬው ነዋ የመጣሁት! ሰው ሳይተካኝ ጥዬው መጣሁ!» ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጫማውን እንኳ ሳይፈልግ በካልሲው በኮሪደሩ ሮጠ። የውጭው በር ተቆልፎ ነበር፤ በመዳፉ ደበደበው። ሁለት ሠራተኞች ብብቱን ይዘው ሲመልሱት፣ ቁልፍ ያዧ ሴት ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ብለውት ነው? እንደሱ ያለ ሰላማዊ ሰው እኮ አልነበረንም።»

እሁድ ጣቢያው በሙዚቃና በጥብስ ሲመረቅ፣ ኤቫሪስቶ እንዳያመልጥ እጁ ከአልጋው ጋር ታስሮ ነበር። ይህን የነገሩኝ በስልክ ነው፤ ተመልሼ ሄጄ አላየሁትም።